ስኪ የማይችል ሰው በክረምት ባንፍ ሄዶ ምን ይሠራል?

ካልጋሪ የምንኖር ሐበሾች በሐምሌና በነሐሴ ወደ ባንፍ መመላለስ እናውቅበታለን። ከአገር ቤት እንግዳ ሲመጣም መጀመሪያ የሚወሰደው እዚያው ነው። ኅዳር ገብቶ በረዶው መጣል ሲጀምር ግን መንገዱ ይረሳል። «ስኪ አንችል፤ በዚህ ብርድ ሄደን ምን ልንሠራ?» እንባባልና እስከ ሚያዝያ ድረስ ኑሯችን ከቤት ወደ ሥራ፣ ከሥራ ወደ ቤት ይሆናል።

እስቲ እናስላው። እዚህ ከተማ ብርዱና በረዶው ከዓመቱ አምስት ወር ያህል ይወስዳል። ሃያ ዓመት የኖረ ሰው ከስምንት ዓመት በላይ የሚሆን ዕድሜውን በመስኮት እያየ አሳለፈው ማለት ነው። ልጆቻችን ግን ቤት አይቀመጡም። ከትምህርት ቤታቸው ጋር ይወጣሉ፤ ጉንጫቸው ቀልቶ ይመለሱና ስለዋሉበት ያወራሉ፤ እኛ የሚያወሩትን አናውቀውም። ልጅ የሚያድግበትን አገር ግማሹን ወላጁ ካላወቀው፣ አብሮ የሚወጋው ነገር እያነሰ ይሄዳል። ብርዱን ከመፍራት ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ይኸኛው ነው።

ስኪ ውድ መሆኑ እውነት ነው። የአንድ ቀን ትኬት ብቻ ለአንድ አዋቂ ከ100 ዶላር በላይ ነው፤ የዕቃው ኪራይና የአስተማሪው ክፍያ ገና አልተቆጠረም። ይሁንና ተራራው የስኪ ብቻ አይደለም። ከዚህ በታች የምዘረዝራቸው ነገሮች ከስኪው ብዙ የረከሱ ናቸው፤ አብዛኞቹም ቀደም ያለ ልምድ አይጠይቁም። (ዘመኑን ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ጽፌዋለሁ።)

ከፍታው ሳይሆን ፀሐይዋ ናት

ብዙዎቻችን ባንፍ የሚበርደው ከፍታ ላይ ስለሆነ ይመስለናል። ቁጥሩ ግን ሌላ ይናገራል። የባንፍ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,383 ሜትር ላይ ናት፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ። ከባንፍ ወደ ሰልፈር ተራራ በገመድ የሚያወጣው ጎንዶላ በስምንት ደቂቃ የሚያደርሰው 2,281 ሜትር ላይ ነው። «እንዴት ያለ ከፍታ!» ብለን ፎቶ የምንነሣበት ቦታ ከአራት ኪሎ ዝቅ ይላል ማለት ነው።

ልዩነቱ ያለው ፀሐይዋ ላይ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ፣ ካልጋሪ ደግሞ 51 ዲግሪ ላይ ናቸው። በታኅሣሥ መጨረሻ እኩለ ቀን ላይ የካልጋሪ ፀሐይ ከአድማስ 15 ዲግሪ ተኩል ያህል ብቻ ከፍ ትላለች፤ የአዲስ አበባዋ 57 ዲግሪ ተኩል ትደርሳለች። ዝቅ ብላ የምትመጣ ፀሐይ ጨረሯ በሰፊ መሬት ላይ ስለሚበተን ሙቀቱ ይሳሳል። ቀኑም አጭር ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል በኋላ ወጥታ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ ትጠልቃለች። ሸለቆ ውስጥ ተራራው ቀድሞ ይጋርዳታል። ስለዚህ የክረምት ጉዞ በጠዋት ተነሥቶ፣ ጨለማ ሳይመጣ የሚመለሱበት ነው።

ፍልውሃ

አዲስ አበባ የተቆረቆረችው በፍልውሃዋ ምክንያት መሆኑን ሁላችን እናውቃለን። እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው ፍልውሃው አጠገብ ቤት ያሠሩት በ1886 ነው። ባንፍም ታሪኳ ከዚሁ ጋር ይመሳሰላል። ቦታውን የስቶኒ ናኮዳና ሌሎች ነባር ሕዝቦች ከጥንት ጀምሮ ያውቁት ነበር። በ1883 የባቡር ሐዲድ ሠራተኞች ፍል ውሃ ያለበትን ዋሻ አገኙ፤ በ1885 መንግሥት አካባቢውን ከለለው፤ በዚህ ላይ ተመሥርቶ የካናዳ የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። ሁለቱም ከተሞች በአንድ ዘመን፣ በሙቅ ውሃ ምክንያት የተወለዱ ናቸው።

ዛሬ የሚገቡበት ገንዳ አፐር ሆት ስፕሪንግስ ይባላል። ከጎንዶላው መነሻ አጠገብ ነው፤ የባንፍ ከተማ አውቶቡስም ያደርሳል። ጣሪያ የለውም፤ ውሃው ከ37 እስከ 40 ዲግሪ ነው። በረዶ እየጣለብዎት አንገትዎ ድረስ ሙቅ ውሃ ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ፀጉርዎ ላይ ያለው እንፋሎት ወደ በረዶነት ሲለወጥ ልጆቹ ይስቃሉ። ልጆቻቸውን ሊጠይቁ ለመጡ እናቶችና አባቶች ከዚህ የተሻለ የክረምት ግብዣ አላውቅም። የልብ ሕመም ወይም የደም ግፊት ያለበት ሰው ግን አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ።

በእግር

ከባንፍ ወደ ሌክ ሉዊዝ በሚወስደው አሮጌ መንገድ ላይ ጆንስተን ካንየን የሚባል ጠባብ ገደል አለ። ወደ ታችኛው ፏፏቴ 1.2 ኪሎ ሜትር፣ ወደ ላይኛው 2.5 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በክረምት ፏፏቴው እንደ ሰም ረግቶ ይቆማል፤ ሰማያዊና ነጭ ይሆናል። መንገዱ ራሱ ግን መስታወት ስለሚሆን፣ ከጫማ ሥር የሚታሠር ጥርስ ያለው ብረት ያስፈልጋል። ባንፍና ካንሞር ከተማ ይከራያል።

ጥልቅ በረዶ ላይ ለመሄድ ደግሞ ስኖውሹ አለ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ሁለት ሰፌድ እግር ላይ እንደማሠር ይቆጠራል። ክብደትዎ አይቀንስም፤ በሰፊ ቦታ ላይ ስለሚከፋፈል ግን አይሰምጡም። መራመድ የሚችል ሁሉ ይችለዋል። እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለ። ገደላማ ተዳፋት ሥር ያለ መንገድ የበረዶ ናዳ ሊወርድበት ይችላል። ከመሄድዎ በፊት የፓርክስ ካናዳንና የአቫላንች ካናዳን የዕለቱን መግለጫ ያንብቡ፤ ለጀማሪ ናዳ የማይደርስበትን መንገድ ከባንፍ የጎብኚዎች ማዕከል ጠይቆ መሄድ ይበቃል።

ሐይቅ ላይ

ሌክ ሉዊዝ በክረምት ይረጋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከታኅሣሥ አጋማሽ ጀምሮ ከሆቴሉ ፊት ለፊት ያለው ተጠርጎ ሰው ይንሸራተትበታል። ልጆች በዱላ ኳስ ሲያባርሩ ላየ ሐበሻ ነገሩ እንግዳ አይደለም። የእኛው ገና ጨዋታ ነው፤ ሜዳው መስታወት ሆነ፣ እሩሯም ጠፍጣፋ ሆነች እንጂ። በዓሉም ቢሆን የሚውለው በዚሁ ወቅት ነው።

ውሃ ከሁሉ በላይ የሚከብደው በ4 ዲግሪ ነው። ከዚያ በታች ሲቀዘቅዝ ስለሚቀል ወደ ላይ ይወጣል፤ ስለዚህ ሐይቅ የሚረጋው ከላይ ወደ ታች ነው። ለአንድ ሰው ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር፣ ለቡድን ደግሞ 20 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያስፈልጋል። ይህ የሚሠራው ጥርት ላለው ሰማያዊ በረዶ ነው፤ ነጩ ጥንካሬው የዚያን ግማሽ ያህል ነው፤ ግራጫው ፈጽሞ አይረገጥም። ወንዝ የሚገባበትና የሚወጣበት ቦታ ሁልጊዜ ስስ ነው። አማርኛችን ለሁሉም «በረዶ» ስለሚል ልጆች አይለዩትም፤ ልዩነቱን በዓይናቸው እያሳዩ ያስተምሯቸው። ካልተረጋገጠ ሐይቅ ይልቅ የተጠረገና ሰው የበዛበት ይሻላል።

በጎማ መንሸራተት

በአየር በተነፋ ትልቅ ጎማ ላይ ተቀምጦ ቁልቁል መውረድ ምንም ችሎታ አይጠይቅም። ባንፍ አጠገብ ኖርኬ ተራራ ላይ አለ። ሩቅ መሄድ ለማይፈልግ ካልጋሪ ውስጥ ዊንስፖርት አለ። የቀድሞው ካናዳ ኦሊምፒክ ፓርክ የሚባለው ነው፤ በ1988 የጃማይካ ቡድን በቦብስሌድ የተወዳደረው እዚያ ነበር። የሞቃት አገር ልጅ በረዶ ላይ ምን አለው ለሚል፣ የእኛው ሮቤል ተክለማርያምም በ2006 ቱሪን ላይ ኢትዮጵያን በክረምት ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ወክሏል፤ በ2010 ቫንኩቨር ላይም ደግሟል።

ሳይወጡ

ልብስ። ጥጥ አይልበሱ። ጋቢ ደረቅ ሳለ የሚያሞቀው በውስጡ አየር ስለሚይዝ ነው፤ ላብ ካረጠበው ግን አየሩን ውሃ ይተካውና ሙቀትን ከሰውነት ይወስዳል። ከሥር ላብ የሚያሳልፍ ስስ ልብስ፣ ከመሐል ሱፍ ወይም ፍሊስ፣ ከላይ ንፋስ የማያስገባ ጃኬት ይደርቡ። ንፋሱን አይናቁት፤ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሆኖ ንፋሱ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ከሆነ፣ ገላ የሚሰማው ከዜሮ በታች 33 ዲግሪ ነው። የልጆችን ጆሮና ጣት በየጊዜው ይመልከቱ።

መኪና። ከካልጋሪ ባንፍ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከሌክ ሉዊዝ አልፎ ወደ ጃስፐር በሚወስደው መንገድ ከኅዳር 1 እስከ ሚያዝያ 1 የክረምት ጎማ ወይም ሰንሰለት በሕግ ግዴታ ነው፤ ለሌላውም መንገድ ቢሆን የክረምት ጎማ ያስገቡ። ከመነሣትዎ በፊት 511 አልበርታን ይመልከቱ። ቺኑክ የሚባለው ሙቅ ንፋስ ሲነፍስ ቀን የቀለጠው ማታ ተመልሶ ይረጋል፤ በጣም የሚያንሸራትተው መንገድ ያን ጊዜ ነው።

መግቢያና ስንቅ። ባንፍ ለመግባት የፓርክ ፈቃድ ይገዛል፤ ዕድሜያቸው እስከ 17 የሆኑ ልጆች ግን አይከፍሉም። በፔርሙዝ ሻይ፣ ከዚያም ዳቦ ቆሎና በሶ ይያዙ። ሙዝና ሳንድዊች ድንጋይ ሲሆኑ የእኛ ስንቅ እንዳለ ይቆያል፤ አባቶቻችን ለረጅም መንገድ የመረጡት ያለ ነገር አይደለም።

ሁሉን በአንድ ቀን ለማድረግ አይሞክሩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ጠዋት አጭር የእግር መንገድ፣ ከሰዓት በኋላ ፍልውሃ ይበቃል። ዊንተሩ በእኛ ፈቃድ አይመጣም፣ አይሄድምም፤ ልጆቻችን እቤት ሳሉ የምናገኛቸው ክረምቶች ግን የተቆጠሩ ናቸው። የፊታችን ቅዳሜ ሰማዩ ጥርት ካለ ቁልፉን አንሡ።