ጭራቁ የማይገደልበት ጌም

ዳንኤል የሚባል የለንደን ሰው በፕሩሲያ ምድር፣ ብሬነንበርግ በተባለ አሮጌ ግንብ ውስጥ ወለል ላይ ተዘርሮ ይነቃል። ዘመኑ 1839 ነው። ከስሙና ከመጣበት አገር በቀር የሚያስታውሰው ነገር የለም ማለት ይቻላል። እየተንገዳገደ ጥቂት ክፍሎችን ካለፈ በኋላ በገዛ እጁ የተጻፈ ደብዳቤ ያገኛል፤ መድኃኒት ጠጥቶ ትዝታውን ያጠፋው ራሱ ኖሯል። ደብዳቤው ወደ ግንቡ ጥልቅ ክፍል ወርዶ አሌክሳንደር የሚባለውን ባሮን እንዲገድል ያዘዋል፤ ከኋላው የሚከተለው ጥላ እንዳለም ያስጠነቅቀዋል። ሌላ ጌም ቢሆን ኖሮ ከደብዳቤው አጠገብ ሰይፍ ወይም ሽጉጥ ይቀመጥ ነበር። ዳንኤል የሚያገኘው ፋኖስ ነው።

ጌሙ «አምኔዥያ፦ ዘ ዳርክ ዲሴንት» ይባላል። ፍሪክሽናል ጌምስ የተባለ አነስተኛ የስዊድን ድርጅት ሴፕቴምበር 8 ቀን 2010 ለገበያ ያወጣው ሲሆን (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ ውጊያ የሌለበት የሆረር ጌም ሲነሳ ቀድመው ከሚጠሩት አንዱ ነው። በዚህ ዓይነት ጌም ተጫዋቹ ሁሉንም ነገር በባለታሪኩ ዓይን ያያል። አይተኩስም፣ አይመታም። ያለው አማራጭ ማየት፣ ማድመጥ፣ መደበቅና መሮጥ ነው። «ታዲያ ምኑ ጨዋታ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። መልሱ ያለው በአሠራሩ ላይ ነው፤ መሣሪያው ሲወሰድ የተጫዋቹ ዓይን፣ ጆሮና ሐሳብ የጌሙን አብዛኛውን ሥራ ይረከባሉ።

ድርጅቱ እዚህ የደረሰው በሙከራ ነው። ከአምኔዥያ በፊት የሠራው «ፔናምብራ» የተባለ ተከታታይ ጌም የመጀመሪያ ክፍሉ በ2007 ሲወጣ ተጫዋቹ መዶሻና ዶማ ይይዝ ነበር። ለመሰንዘር የማይመቹ፣ ለጭንቅ ቀን ብቻ የታሰቡ መሣሪያዎች ነበሩ። ይሁን እንጂ ዶማ የጨበጠ ሰው የተቆጣ ውሻ ሲመጣበት መደበቁን ይተውና መምታት ይጀምራል። ያን ጊዜ ጭራቁ ማስፈራቱ ይቀርና እንደማንኛውም መሰናክል የሚወገድ ነገር ይሆናል። በ2008 በወጣው ሁለተኛ ክፍል መሣሪያዎቹ ጠፉ። አምኔዥያ ይህንኑ ሐሳብ ይዞ እስከ ጥግ ሄደበት።

የበሩን ነገር ብቻ ቀረብ ብሎ ማየት ይበቃል። በአብዛኛው ጌም አንድ ቁልፍ ሲጫኑ በሩ ወለል ብሎ ይከፈታል። በአምኔዥያ ግን ተጫዋቹ ማውሱን ተጭኖ በሩን ይይዛል፤ ከዚያም እጁን እየገፋ ወይም እየሳበ ይከፍተዋል። ቀስ ካለ በጠባብ ክፍተት ማጮለቅ ይችላል፤ በኃይል ከገፋ በሩ ይበረገዳል። መሳቢያው፣ ቁም ሳጥኑ፣ ወንበሩ ሁሉ እንዲሁ በእጅ ይያዛል። ጭራቅ ከኋላ ሲመጣ ይህ አሠራር ጉድ ይሠራል፦ የሚሳበውን በር መግፋት፣ የሚገፋውን መሳብ፣ በድንጋጤ ማውሱን መልቀቅ። እንደምንም ተዘግቶ ሣጥን ቢደረደርበት እንኳ ጭራቁ በሩን ሰብሮ ይገባል። የተገኘው ትርፍ መደበቂያ ለመፈለግ የሚበቃ ጥቂት ሰከንድ ነው።

ከበሩ ቀጥሎ ብርሃኑ አለ። ዳንኤል ጨለማ ውስጥ ሲቆይ ልቡናው ይናወጣል፤ ትንፋሹ ይቆራረጣል፣ ጥርሱ ይፋጫል፣ ስክሪኑ ይወዛወዛል። ፋኖሱን ቢያበራ ይረጋጋል፤ ነገር ግን ዘይቱ ያልቃል፣ ብርሃኑም ለጭራቁ ያሳብቅበታል። ግድግዳ ላይ ያሉትን ሻማዎች ለመለኮስ የሚረዱ መለኮሻዎች በየክፍሉ ቢገኙም ቁጥራቸው የተወሰነ ነው። ስለዚህ ተጫዋቹ ሁልጊዜ በሁለት ክፉ ነገሮች መካከል ይመርጣል፦ ታይቶ መረጋጋት ወይም ተሰውሮ መታወክ። ስክሪኑ ላይ ደግሞ ምን ያህል እንደቀረው የሚነግር ቁጥር የለም። ጤናውንና ልቡናውን ማወቅ የፈለገ የዕቃ ማስቀመጫውን ከፍቶ የልብና የአንጎል ሥዕል ማየት አለበት።

ጭራቁን ትኩር ብሎ ማየትም ያስቀጣል። ዓይን በጣለበት ቁጥር የዳንኤል ልቡና ይወርዳል፣ ምስሉም ይደበዝዛል። ተጫዋቹ ቁም ሳጥን ውስጥ ገብቶ ፊቱን ወደ ጥግ ያዞርና የእግር ኮቴ ይቆጥራል። ሌሊት ከአጥር ውጭ የጅብ ጩኸት የሚሰማ ሕፃን በሐሳቡ የሚሥለው ጅብ ከእውነተኛው እንደሚገዝፍ ሁሉ፣ ይህም ተጫዋች ያላየውን ጭራቅ ራሱ ያገዝፈዋል። ጌሙ በድምፁ የተመሰገነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በ2011 በገለልተኛ ጌሞች ፌስቲቫል ላይ በድምፅም በቴክኒክም ሽልማት አግኝቷል።

ይህ ስልት ጫፍ የሚደርሰው በጎርፍ በተሞላው ምድር ቤት ነው። እዚያ ያለው ጭራቅ ፈጽሞ አይታይም። የሚታየው ውኃው ላይ የሚነሳው ፍንጣቂ ብቻ ነው፤ ውኃውን እያንቦጫረቀ የሚራመድ ነገር ወደ ተጫዋቹ እየቀረበ ይመጣል። መዳኛው ውኃ ሳይነኩ ከሣጥን ሣጥን መዝለል ነው፤ ሬሳ ከተገኘም ቁራጩን ወርውሮ ጭራቁን ወደዚያ ማዘናጋት ይቻላል። አንድም ፊት፣ አንድም ጥፍር ሳይታይ ብዙ ሰው ጌሙን ዘግቶ የተነሳው እዚህ ቦታ ላይ ነው።

ከመጋረጃው ጀርባ ሌላ ብልሃት አለ። ሰው ደጋግሞ ሲሞትና ያንኑ መንገድ ሲደግም ፍርሃቱ ወደ ብስጭት ይለወጣል። ስለዚህ አምኔዥያ ተጫዋቹ ከሞተ በኋላ አንዳንዴ ጭራቁን ከቦታው ያነሳዋል ወይም ያዛውረዋል። ተመላሹ ግን ይህን አያውቅም፤ ባዶውን ኮሪደር እንደቀድሞው እየተሳበ ያልፈዋል። ሠሪዎቹ ጌሙ ሲጀመር «ለማሸነፍ አትጫወቱ» የሚል መንፈስ ያለው ምክር ማስቀመጣቸውም ከዚሁ ጋር ይሄዳል።

ሌሎችም በዚሁ መንገድ ሄዱ፤ በ2013 ከካናዳዋ ሞንትሪያል «አውትላስት» ወጣ። ሬድ ባረልስ የተባለው ድርጅት ፋኖሱን በቪዲዮ ካሜራ ተካው። ማይልስ አፕሸር የተባለ ጋዜጠኛ በኮሎራዶ ተራሮች ወዳለ የአእምሮ ሕሙማን ተቋም በስውር ይገባል፤ ጨለማውን የሚያየው በካሜራው የሌሊት መነጽር ነው፣ ያ ደግሞ ባትሪ ይበላል። እዚህ ሩጫው ይበዛል። እየሮጡ ዞር ብሎ ማየት ይቻላል፤ ማየቱ ግን የሚያጽናና ነገር የለውም።

በ2014 የመጣው የእንግሊዙ «ኤሊየን፦ አይሶሌሽን» ጥቂት መሣሪያዎችን ቢሰጥም ዋናው አውሬ በአንዳቸውም አይሞትም። የአውሬው አሠራር ለሁለት የተከፈለ ነው። አንደኛው ክፍል ተጫዋቹ የት እንዳለ ሁልጊዜ ያውቃል፤ ለአውሬው ግን የሚሰጠው ፍንጭ ብቻ ነው። ሁለተኛው አውሬው ራሱ ነው፤ በዓይኑና በጆሮው ፈልጎ ማግኘት አለበት። በዚህ የተነሳ አድፍጦ የሚያድን እንስሳ እንጂ በተቀመጠለት መስመር የሚመላለስ ዘበኛ አይመስልም። አውሬው መቅረቡን ለተጫዋቹ የሚነግረው መሣሪያ የሚያሰማው ድምፅ ራሱ አውሬውን ሊጠራው ይችላል።

ስልቱ ድካም አለው። ሰው መደበቅና መጠበቅን ከለመደ በኋላ ቁም ሳጥኑ ከመጠለያነት ወደ ወረፋ መጠበቂያነት ይወርዳል። ፍሪክሽናል ይህን ችላ አላለውም። በ2015 ባወጣውና በባሕር ሥር ባለ ጣቢያ ውስጥ በሚካሄደው «ሶማ» ጭራቆቹ ታሪኩን ሲያደናቅፉባቸው ለተቸገሩ ተጫዋቾች በ2017 ጭራቆቹ የማይገድሉበት ምርጫ ጨመረ። በ2023 ባወጣው «አምኔዥያ፦ ዘ ባንከር» ደግሞ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ምሽግ ውስጥ ለታሰረ ፈረንሳዊ ወታደር ሽጉጥ ሰጠው። ጥይቱ ጥቂት ነው፤ ጭራቁን ለጊዜው ያባርራል እንጂ አይገድልም፤ ተኩሱም በምሽጉ ሁሉ ይሰማል።

ለጀማሪ የመጀመሪያው አምኔዥያ ይሻላል። የ2010 ሥራ በመሆኑ ውድ ኮምፒውተር አይጠይቅም፤ ጥሩ የጆሮ ማዳመጫ ግን የግድ ነው፣ ምክንያቱም ጭራቁ ከየት እንደሚመጣ የሚታወቀው በጆሮ ነው። ታሪኩ ስቃይና ሬሳ ስላለበት ለልጆች አይሆንም፤ አውትላስት ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ፍሪክሽናል በ2020 የአምኔዥያን የፕሮግራም ኮድ ለሕዝብ ክፍት አድርጎታል። የራሱን ጌም መሥራት የሚያስብ ወጣት ፕሮግራመር በሩ በማውስ እንዴት እንደሚሳብና ጭራቁ እንዴት እንደሚፈልግ መስመር በመስመር ማንበብ ይችላል።