የመረጃ ቋት ጥበቃ ለፕሮግራም ሲተው

በሲያትል ከተማ ሳውዝ ሌክ ዩኒየን በተባለው ሰፈር ሕንጻዎቹን የደረደረው አማዞን ድርጅቶች መረጃቸውን የሚያስቀምጡበትንና የሚጠብቁበትን ልማድ ከለወጡ ኩባንያዎች አንዱ ነው።

የመረጃ ቋት ወይም ዳታቤዝ የሚባለው የባንክ ሒሳብን፣ የሆስፒታል ካርድን ወይም የመጋዘን ዕቃን ዝርዝር በሥርዓት የሚይዝና ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ ሲጽፉበትና ሲያነቡበት መረጃው እንዳይዛባ የሚቆጣጠር ፕሮግራም ሲሆን፣ ማከማቻ ወይም ስቶሬጅ ደግሞ መረጃው በአካል የሚያርፍባቸው ዲስኮች ከነመቆጣጠሪያቸው ናቸው። የዳታቤዝ አስተዳዳሪ ተብሎ የሚጠራው ባለሙያ መጠባበቂያ ቅጂ ወይም ባክአፕ ይወስዳል፣ ዲስኩ ሳይሞላ ቦታ ይጨምራል፣ የደኅንነት ማሻሻያዎችን ተጠቃሚ በሚያንስበት ሌሊት ይጭናል፣ ሰርቨር ሲወድቅም ተጠባባቂውን ያስነሳል። ከእነዚህ ሥራዎች አብዛኞቹ ጥልቅ ዕውቀትን ሳይሆን የማይሰለች ድግግሞሽን የሚሹ በመሆናቸው፣ ሰው በቀላሉ የሚዘናጋውም እነሱ ላይ ነው።

አማዞን እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው አርዲኤስ የተባለ አገልግሎት ይህንኑ ድግግሞሽ ከባለሙያው ትከሻ ለማውረድ የታለመ ነበር። አገልግሎቱ በየቀኑ ባክአፕ ከመውሰዱም በላይ በመካከሉ የሚደረገውን እያንዳንዱን ለውጥ ስለሚመዘግብ፣ ሠራተኛ በስሕተት ሰንጠረዥ ቢሰርዝ ቋቱን ከስሕተቱ ጥቂት ደቂቃዎች በፊት ወደነበረበት ይዞታ መመለስ ይቻላል፤ ተጠቃሚው ከመረጠም በሌላ ሕንጻ ውስጥ ሁልጊዜ እኩል የሚጻፍበት መንትያ ቋት ያቆማል፤ ዋናው ሲወድቅም አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ደቂቃ ውስጥ ሥራውን ወደ መንትያው ያዛውራል።

ኩባንያው ይህን አሠራር በራሱ ላይ ጭምር ሞክሮታል። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2019 የችርቻሮ ንግዱን ከኦራክል ዳታቤዝ ማላቀቁን ሲያስታውቅ፣ ወደ 7,500 በሚጠጉ ቋቶች ውስጥ የነበረ 75 ፔታባይት፣ ማለትም 75 ሚሊዮን ጊጋባይት ያህል መረጃ ማዛወሩን፣ የቋት ወጪው ከ60 በመቶ በላይ፣ የአስተዳደር ሥራው ደግሞ በ70 በመቶ መቀነሱን ገልጿል። ቁጥሮቹ አገልግሎቱን ከሚሸጠው ወገን የመጡ ስለሆኑ በዚያው መጠን መመዘን ይገባቸዋል፤ በወጪው ቅናሽ ውስጥም የኦራክል ፈቃድ ክፍያ መቅረት ድርሻ አለው። ስለዚህ ስለ አውቶማቲክ አሠራር ይበልጥ የሚናገረው የ70 በመቶው ቁጥር ነው፤ ከባክአፕና ከዲስክ የተረፈው የባለሙያ ጊዜ ለቋቱ አወቃቀር፣ ለዘገዩ ጥያቄዎች መፍጠንና ማን ምን ማየት እንዳለበት ለመወሰን ሊውል ይችላልና። መረጃውን ከአገር ማውጣት ወይም በውጭ ምንዛሪ መክፈል የማይፈልግ ድርጅትም በራሱ ሰርቨር ላይ፣ እንደ ፖስትግሬስኪውኤል ባሉ ነጻ ፕሮግራሞች፣ ከዚህ ጥቅም ብዙውን ማግኘት ይችላል።

ሆኖም ቋት ለአደጋ ይበልጥ የሚጋለጠው ለውጥ በሚደረግበት ሰዓት ነው። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች በአንድ ሌሊት ከሒሳባቸው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ የቻሉበት ችግር ሲከሰት፣ ባንኩ ምክንያቱን ከውጭ ጥቃት ሳይሆን ከራሱ የሥርዓት ማሻሻያ ሥራ ጋር አያይዞታል፤ በዚያች ሌሊት የወጣውም ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ መሆኑን ገልጾ ነበር።

አውቶማቲክ መሣሪያም የተሳሳተ ትእዛዝን በዚያው ፍጥነት ይፈጽማል። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2017 ኤስ3 የተባለውን የአማዞን ማከማቻ የሚጠብቅ ሠራተኛ ጥቂት ሰርቨሮችን ለማስወጣት ትእዛዝ ሲሰጥ አንዱን ግቤት በማሳሳቱ፣ መሣሪያው ከታሰበው እጅግ የበዙ ሰርቨሮችን አስወጣ፤ በዚህም ብዙ ድረ ገጾች ለአራት ሰዓታት ያህል ታወኩ። የአገልግሎቶችን ጤንነት የሚያሳየው ሰሌዳ ራሱ በኤስ3 ላይ የተመሠረተ ስለነበር መበላሸቱን ወዲያው ማሳወቅ አልቻለም። ኩባንያው ከዚያ በኋላ ያደረገው እርማት ሥራውን ወደ እጅ መመለስ አልነበረም፤ መሣሪያው ሰርቨሮችን ቀስ እያለ እንዲያስወጣና ቁጥራቸው ከሚያስፈልገው ዝቅተኛ መጠን በታች የሚያወርድ ትእዛዝ ሲደርሰው እንዳይፈጽም አደረገው።