ዝሆኔ፦ እግርና ቀይ አፈር

በወላይታ ወይም በምሥራቅ ጎጃም ገጠር የተዘዋወረ ሰው፣ ከጉልበት በታች እግራቸው ያበጠ ገበሬዎችን ማየቱ አይቀርም። አንዱ እርግማን ነው ይላል፤ ሌላው መድኃኒት ረግጦ ነው ይላል። ሕመሙ ዝሆኔ ነው።

ዝሆኔ ሲባል ትንኝ የምታስተላልፈው ትል ትዝ የሚለው ብዙ ነው። እሱ የቆላው ነው፤ ጋምቤላን በመሳሰሉ ቦታዎች ይገኛል። የደጋውና የወይና ደጋው ዝሆኔ ግን ከትልም ከጀርምም አይመጣም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። መነሻው አፈር ነው። ፖዶኮኒዮሲስ የሚለውን የሕክምና ስም ያወጣለት ብሪታንያዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ ሲያጠናው ቆይቷል። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረው ቀይ አፈር ዝናብ በሚበዛበት ከፍተኛ ቦታ እጅግ የደቀቁ የማዕድን ቅንጣቶች ይይዛል። ቅንጣቶቹ በባዶ እግር ቆዳ በኩል ይገቡና ፈሳሽ የሚመልሱትን የሊምፍ ቧንቧዎች እያስቆጡ ያጠብቧቸዋል። መመለሻ ያጣው ፈሳሽ እግር ላይ ይጠራቀማል።

ታዲያ አንድ እርሻ ላይ በባዶ እግር ከሚውሉ ወንድማማቾች አንዱ ብቻ ለምን ይታመማል? እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ፣ በወላይታ የተሠራ የዘረመል ጥናት አንዳንድ ሰዎች ለሕመሙ ተጋላጭ ሆነው እንደሚወለዱ አሳይቷል። ስለዚህ «በዘር ነው» የሚሉት ጎረቤቶች ግማሽ እውነት ይዘዋል። ሌላው ግማሽ ግን ጎጂ ነው፤ ለበሽተኛ ቤተሰብ ልጅ አንድርም የሚሉት በዚሁ ሰበብ ነውና። ተጋላጩ ልጅ እንኳ አፈሩን ካልነካ አይታመምም።

ሕመሙ ሲጀምር የእግር ፊት ያሳክካል፣ ያቃጥላል፤ ማታ ያበጠው ጠዋት ይጎድላል። ሰው የሚዘናጋው በዚህ ጊዜ ነው፤ ሕክምናው በጣም የሚሠራውም በዚሁ ጊዜ ነው።

ሕክምናው ደግሞ ቤት ውስጥ ያለ ነገር ነው። እግርን በየቀኑ በሳሙና መታጠብ፣ የጤና ባለሙያ በለካው መጠን በረኪና በተበረዘበት ውኃ መዘፍዘፍ፣ በጣቶች መካከል ሳይቀር ማድረቅ፣ ቫዝሊን መቀባት፣ ማታ እግርን ከፍ አድርጎ መተኛት። ማድረቁን የሚዘለው ብዙ ሰው ነው፤ እርጥብ የጣት መሐል ግን ፈንገስ ያበቅላል፣ ቆዳው ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ ጀርም ይገባል። ከዚያ ትኩሳቱ፣ ብርድ ብርድ ማለቱና የብሽሽት ንፍፊቱ ይከተላል፤ በሽተኛውን ለቀናት አልጋ ላይ የሚያውለው ይህ ነው። በምሥራቅ ጎጃም ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ይህ ቀላል እንክብካቤ የሚነሣውን ትኩሳት እንደሚቀንስ አረጋግጧል።

የሚከብደው እግርን ከአፈሩ የሚለየው ጫማ ነው። «ጫማ አድርጉ» ማለት ለከተሜ ቀላል ነው። ገበሬው ያለውን አንድ ጫማ ለገበያና ለቤተ ክርስቲያን ይቆጥባል፤ ጭቃ በሚይዝ ጫማ ማረስም ያስቸግራል። እግሩ ካበጠ በኋላ ደግሞ ከሱቅ የሚሆነውን ቁጥር አያገኝም፤ በልኩ ማሰፋት አለበት።