መንግሥት ዋጋውን የሚከፍልለት መድኃኒትና የብራዚል መድኃኒት ቤቶች

ብራዚል በኢትዮጵያ ነጋዴዎች ዘንድ ከሁሉ አስቀድሞ የምትታወቀው በቡናዋ ነው። ይሁን እንጂ ባለመደብር የሆነ ሁሉ ሊያስተውለው የሚገባ አንድ ሌላ የንግድ አሠራር በዚያች አገር ከሃያ ዓመት በላይ ሲሠራበት ቆይቷል፤ ይኸውም ለረዥም ጊዜ ሕመም የሚወሰዱትን መድኃኒቶች ዋጋ መንግሥት እየከፈለ በግል መድኃኒት ቤቶች አማካይነት ለሕዝብ የሚያዳርስበት ደንብ ነው። ስሙ በአገሩ ቋንቋ «ፋርማሲያ ፖፑላር» ይባላል፤ የሕዝብ መድኃኒት ቤት ማለት ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የደም ግፊትና የስኳር በሽታ ከሌላው ሕመም የሚለዩበት አንድ ጠባይ አላቸው። በሽተኛው ብዙ ጊዜ ምንም ሳያመው ኪኒኑን በየቀኑ መዋጥ ይኖርበታል። ስለዚህም ገንዘብ ያጠረው ሰው ከእህልና ከቤት ኪራይ በፊት የሚተወው ይህንኑ መድኃኒት ነው። መድኃኒቱን የተወው ሰው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ልቡ ወይም ኩላሊቱ ታሞ፣ አለዚያም ግማሽ አካሉ በድን ሆኖ ሆስፒታል ሲገባ፣ ወጪው ከቀረው ኪኒን ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም። የ1988ቱ የብራዚል ሕገ መንግሥት ጤና የሁሉም ሰው መብትና የመንግሥት ግዴታ መሆኑን ስለሚደነግግ፣ ይህ ዕዳ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው በመንግሥቱ ግምጃ ቤት ላይ ነው።

በ2004 ሥራው ሲጀመር መንግሥት በኦስዋልዶ ክሩዝ ድርጅት አማካይነት የራሱን መድኃኒት ቤቶች ከፍቶ በአነስተኛ ዋጋ መሸጥ ያዘ። ነገር ግን እንደ ብራዚል ባለች ሰፊ አገር ለየከተማው ቤት ተከራይቶ፣ ሠራተኛ ቀጥሮና ዕቃ አጓጉዞ መድረስ ቀላል አልሆነም። በ2006 የግል መድኃኒት ቤቶች በውል እንዲገቡበት ተፈቀደ። የመንግሥቶቹ በ2017 እንዲዘጉ ሲወሰን፣ ከተመደበላቸው ገንዘብ አብዛኛው ለቤቶቹ ማስተዳደሪያ ይውላል የሚል ምክንያት ተሰጠ። ዛሬ በሥራው የተሰማሩት የግል መደብሮች ከ30 ሺ በላይ ናቸው።

ለነጋዴ እጅግ የሚያስደንቀው የ2006ቱ የዋጋ አከፋፈል ነው። ሚኒስቴሩ ለእያንዳንዱ ኪኒን መነሻ ዋጋ ይወስንና ከዚያው 90 በመቶውን ይከፍል ነበር። ለምሳሌ መነሻው 20 ሳንቲም ቢሆን የመንግሥቱ ድርሻ 18 ሳንቲም ነው። ባለመደብሩ በ20 ከሸጠ በሽተኛው 2 ሳንቲም ይጨምራል፤ በ26 ከሸጠ ግን 8 ሳንቲም፤ የመንግሥቱ ድርሻ ከ18 ፈቀቅ አይልም። ከመነሻው በታች በ10 ሳንቲም የሸጠ እንደ ሆነ ደግሞ መንግሥት የሚከፍለው 9 ሳንቲም ብቻ ነው። ባለመደብሩ በዋጋው ላይ የጨመረው ከሢሶ በታች ሲሆን በበሽተኛው ኪስ ላይ 4 እጥፍ ሆኖ ይታያል፤ እንግዲህ ደምበኛው ወደ ጎረቤቱ መደብር እንዳይሄድበት ባለመደብሩ ራሱ ይጠነቀቃል። ብዙ ተቆጣጣሪ ሊሠራው የማይችለውን ሥራ ይህች የ2 ሳንቲም ክፍያ ሠርታለች ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ቢሆንም 2 ሳንቲምም ለድኻ ብዙ ነው። በየካቲት 2011 የደም ግፊትና የስኳር፣ በ2012 የአስም መድኃኒት ያለ ክፍያ እንዲታደል ተደረገ፤ በ2025 በዝርዝሩ ያሉት 41 ዓይነቶች ሁሉ ነፃ ሆኑ። ከዚያ ወዲህ ባለመደብሩ ከደምበኛው አንድም ሳንቲም መቀበል አይችልም። የሚያገኘው መነሻ ዋጋውን ብቻ ስለሆነ፣ አከፋፋዩ ዋጋ ሲጨምርና መነሻው ባለበት ሲቆም ጉዳቱ የእርሱ ነው። እንዲያም ሆኖ በውሉ የሚቆዩት ብዙዎች ናቸው፤ በየወሩ ለኪኒን የሚመላለስ ሰው ሳሙናውንም ከዚያው ገዝቶ እንደሚመለስ ባለሱቅ ሁሉ ያውቀዋልና።

ዋናው ጭንቀት የተንቀሳቃሽ ገንዘብ ነው። ባለመደብሩ መድኃኒቱን በራሱ ገንዘብ ገዝቶ ያድላል፤ ሒሳቡ የሚታሰበው ወሩ ካለቀ በኋላ ሲሆን ክፍያውም የሚመጣው ከብሔራዊው የጤና ገንዘብ ነው። በሌላ አነጋገር ብቸኛው ባለዕዳው መንግሥት ሆኗል ማለት ነው። በ2022 ለቀጣዩ ዓመት የቀረበው የበጀት ረቂቅ ለነፃ መድኃኒት የሚመደበውን ከግማሽ በላይ ቀንሶት ነበር። ኋላ ገንዘቡ ቢመለስም፣ በዚያን ጊዜ ዕቃ በብዛት ለማዘዝ ያመነታ ነጋዴ አይፈረድበትም።

መንግሥትም በበኩሉ ባለመደብሩን እንዲሁ አያምነውም። በሽተኛው መታወቂያውንና የሐኪም ማዘዣውን ያቀርባል፤ መለያ ቁጥሩ፣ የሐኪሙ የፈቃድ ቁጥርና የመድኃኒቱ ዓይነት በኮምፒዩተር ወደ ሚኒስቴሩ ተልኮ ፈቃዱ ወዲያው ይመጣል። የወር መጠኑን የወሰደ ሰው ጊዜው ሳይደርስ ቢመለስ መሣሪያው ይከለክለዋል። በሽተኛው የፈረመበት ደረሰኝና የማዘዣው ቅጂ ለብዙ ዓመታት ይጠበቃሉ። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ እያለ የመንግሥት ኦዲተሮች በሞቱ ሰዎች ስም የተመዘገበ ሽያጭ አግኝተዋል፤ ከቶ ያልተገዛ መድኃኒት ተሸጠ ተብሎ የተከፈለበት ጊዜም አለ። ማጭበርበሩ የሚያዘውም የመደብሩን የግዢ ደረሰኝ ከሽያጩ ጋር በማመሳከር ነው፤ 500 እሽግ ገዝቶ 900 የሸጠ ሰው መልስ የለውም።

ጥርጣሬ የተነሣበት መደብር ጉዳዩ እስኪጣራ ድረስ ክፍያውም የመሥሪያ መስመሩም ይታገድበታል። የግዢ ደረሰኙን በዝርክርክነት የጣለ እውነተኛ ነጋዴም ከሌባው ጋር አብሮ ይታገዳል። በትልቅ ከተማ ከሆነ በሽተኞቹ መንገድ ተሻግረው ወደ ሌላው ይሄዳሉ፤ አንድ መድኃኒት ቤት ብቻ ባለባት ትንሽ ከተማ ግን የወሩን ኪኒን ፍለጋ ወደ ቀጣዩ ከተማ መሳፈር ግድ ይሆንባቸዋል፤ የመጓጓዣውን ሒሳብ የሚከፍልላቸውም ደንብ የለም።