የክራር ድምፅ ኪቦርድ ላይ ሲገባ ለምን ይበላሻል? መፍትሄውስ?

አምባሰል የሐይቅ ጎረቤት ብቻ አይደለም። ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶቻችን (ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ) የአንዱ ስም ነው። ባቲም ወሎ ውስጥ ናት።

ዛሬ ቢት የሚሰራ ወጣት ክራር ሲፈልግ አንድ የተቀዳ ድምፅ ያገኝና ሳምፕለር ውስጥ ከትቶ ኪቦርዱ ሁሉ ላይ ይዘረጋዋል። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ጋር ነው።

🎹 ሳምፕለር እንዴት ይሰራል?

ሳምፕለር ቁልፍ ሲነካ የተቀዳ ድምፅ የሚያጫውት ሶፍትዌር ነው። ድምፁ የትኛው ኖታ እንደሆነ ትነግሩታላችሁ፤ ይሄ "ሩት ኖት" ይባላል። በተለመደው አሰራር፣ ከሩት ኖቱ ወደ ላይ ስትሄዱ ቀረጻውን ያፈጥነዋል፣ ወደ ታች ስትወርዱ ያዘገየዋል። 12 ቁልፍ ከወጣችሁ ፍጥነቱ እጥፍ ይሆናል፤ የ2 ሰከንድ ድምፅ በ1 ሰከንድ ያልቃል። ያኔ ክራሩ የልጆች መጫወቻ ይመስላል።

✅ ምን ይደረግ?

1. እያንዳንዱን ክር ለየብቻ ቅዱ። ክራር 5 ወይም 6 ክር አለው። ፀጥ ያለ ክፍል ምረጡ፣ ስልኩን አታንቀሳቅሱ፣ ድምፁ ራሱ እስኪጠፋ ጠብቁ። በቴሌግራም ቮይስ አትቅዱ፤ ድምፁን ስለሚጨምቀው ጥራቱ ይቀንሳል። የ"ዌቭ" ፋይል ይሻላል።

2. ቁልፎቹን አከፋፍሉ። አምባሰል ከሲ ሲነሳ ሲ፣ ሲ ሻርፕ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ጂ ሻርፕ ነው። ትልቁ ርቀት 4 ቁልፍ ስለሆነ፣ አምስቱን ድምፆች በየቦታቸው ካስቀመጣችሁ በዚያ ኦክታቭ ውስጥ አንዱም ከ3 ቁልፍ በላይ አይለጠጥም። ክራሩ ክራር ሆኖ ይቀራል።

3. ቀስ ብሎና ጠንከር ተብሎ ሲመታ ለየብቻ ቅዱ። ጠንከር ያለ ምት ድምፁን ከፍ ከማድረግ አልፎ ቃናውንም ይቀይረዋል። ሳምፕለሩ ቁልፉ በተነካበት ኃይል መጠን ይመርጣል።

4. ለማረም አትቸኩሉ። ኪቦርድ አንዱን ኦክታቭ 12 እኩል ቦታ ይከፍላል። ክራር ተጫዋች ግን የሚቃኘው በጆሮው ነው፤ ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ያለው ድምፅ ሆን ተብሎ የተደረገ ሊሆን ይችላል። ከጊታር ወይም ከፒያኖ ጋር የምታጫውቱት ከሆነ በ"ፋይን ቱን" አስተካክሉ፤ ለብቻው ከሆነ ግን እንዳለ ተዉት። ኮፒውን ብታርሙም ዋናውን ቀረጻ አታጥፉ።

ማሲንቆስ? አንድ ክር ብቻ ስላለው ተጫዋቹ የቅኝቱን ኖታዎች በጣቱ እየያዘ አንድ በአንድ ያሰማችሁ። በቀስት የሚሳብ ስለሆነ ድምፁ ረዘም ብሎ ይቀዳ፤ መሃሉ ላይ "ሉፕ" ስታደርጉ ቁልፉን እስከያዛችሁ ድረስ ይቀጥላል።

⚠️ አንድ ነገር እንዳትረሱ፦ ያ ድምፅ የሰው እጅ ነው። ከመቅዳታችሁ በፊት ተጫዋቹን አስፈቅዱ፣ ምን ልትሰሩበት እንደሆነ ንገሩት፣ ስሙን ጻፉ፣ ገንዘብ ካመጣም አካፍሉት። እናንተ የቀዳችሁት አንድ ክራር ነገ በብዙ ዘፈን ውስጥ ሊሰማ ይችላል። አምባሰልን ከዚያ ብቻ የሚያውቅ ሰውም አይጠፋም።

ቢት ለሚሰሩ ጓደኞቻችሁ ሼር አድርጉላቸው። 🎶