ተጨማሪ መረጃ፦ ጋዜጠኛው በዓሉ ግርማ

በዓሉ ግርማ በልብ ወለዶቹ ይታወቅ እንጂ እንጀራው ጋዜጠኝነት ነበር። ኢሉባቡር ተወልዶ፣ አዲስ አበባ በጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤትና በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ፣ ሁለተኛ ዲግሪውን ከአሜሪካው ሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ አገኘ። መነን መጽሔትን፣ አዲስ ሪፖርተርን፣ ኢትዮጵያን ሄራልድንና አዲስ ዘመንን በተለያየ ጊዜ በአዘጋጅነት መርቷል። በኋላም በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን ሆነ።

የሙያው አሻራ በድርሰቶቹ ላይ ጎልቶ ይታያል። ዓረፍተ ነገሩ አጭር ነው፤ ንግግሩ ቶሎ ቶሎ ይመላለሳል፤ ገጸ ባሕርያቱም ብዙውን ጊዜ በቅርብ ከሚያውቃቸው ሰዎች የተቀዱ ናቸው። «ደራሲው» በተባለው ልብ ወለዱ ውስጥ ያለውን ሲራክን ደራሲ ስብሐት ገብረ እግዚአብሔርን አስመስሎ እንደሳለው በሰፊው ይነገራል።

ከልብ ወለዶቹ ሁሉ የገነነው ግን «ኦሮማይ» ነው። በ1974 ዓ.ም. ወታደራዊው መንግሥት ደርግ በኤርትራ አማፅያን ላይ የቀይ ኮከብ ዘመቻን ሲያካሂድ፣ በዓሉ ለፕሮፓጋንዳ ሥራ አሥመራ ነበር። ያየውንም ጸጋዬ ኃይለ ማርያም በተባለ የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ አንደበት ተረከው። መንግሥት ድል እንዲዘግብ የላከው ሰው፣ የዘመቻውን ውድቀትና የባለሥልጣናቱን ገመና ጽፎ ተመለሰ ማለት ነው። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. እንደታተመ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ፤ በዓሉም ከሥራው ተባረረ። የካቲት 1976 ዓ.ም. አንድ ምሽት ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። መኪናው ከከተማው ወጣ ብሎ ቆማ ተገኘች። የታገደው መጽሐፍ ግን ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ መነበቡን ቀጠለ።