ከእርግዝና ሳምንት ጋር የሚራመድ መልእክት

የደቡብ አፍሪካ ጤና ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2014 የጀመረው «ማምኮኔክት» የተሰኘ አገልግሎት፣ በጤና ተቋም የእርግዝና ክትትል ለጀመረች ሴት፣ ከእርግዝናዋ ሳምንት፣ ከወለደችም በኋላ ከሕፃኑ ዕድሜ ጋር የተመጣጠነ ምክር በመረጠችው የአገሪቱ ቋንቋ በእጅ ስልኳ ያለ ክፍያ ያደርሳል። ምዝገባው የሚከናወነው ዩኤስኤስዲ በሚባለው፣ ማለትም በኮከብ ጀምሮ በመሰላል ምልክት የሚጨርስ አጭር ቁጥር በመደወል በሚሠራ ዘዴ በመሆኑ፣ ኢንተርኔት የማይከፍት ተራ ስልክ ይበቃዋል፤ የአገልግሎቱ ትልቁ ብልሃትም ይኸው ነው፤ ውድ ስልክ የሚጠይቅ መተግበሪያ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ምክሩ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልጋትን እናት ውጭ ያስቀራታልና። የዋትስአፕ መንገድ የተጨመረው ዘግይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ነበር።

ከዚህም በላይ ምስጋና የሚገባው ግን እናቲቱ መልሳ መናገር መቻሏ ነው፦ ያልገባትን ትጠይቃለች፣ በጤና ተቋሙ የተደረገላትን መስተንግዶ ታመሰግናለች ወይም ቅሬታዋን ታቀርባለች፤ ብዙ የጤና መልእክቶች ታካሚን አድማጭ ብቻ አድርገው በሚተዉበት ዘመን ይህ እጅግ ሊወደስ የሚገባው አሠራር ነው። አባት ግን አሁንም ከዳር ቆሟል፤ መልእክቱ በዋናነት የተጻፈው ለእናት ነው።

አገልግሎቱ ቢኖርም፣ ደም መፍሰስ፣ ከዕይታ መደብዘዝ ጋር የሚመጣ ብርቱ ራስ ምታት ወይም የፅንስ እንቅስቃሴ መቀነስ ያጋጠማት ነፍሰ ጡር የስልክ መልስ ሳትጠብቅ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይኖርባታል።